«አገልግሎቱማ አለ»፦ ከጾሬ ሆኖ ሲታይ

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ ውስጥ «የለም» ከሚለው ቃል ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ «አለ» የሚለው ነው። «የለም» የተባለ ነገር ይጠየቃል፤ ይለመናል፤ ሰው ይሰለፍለታል፤ ይታገልለታል። «አለ» የተባለ ነገር ግን አለቀለት። ዕቅዱ ላይ ተጽፏል፤ ሪፖርቱ ውስጥ ገብቷል፤ ሪባኑ ተቆርጧል፤ ፎቶግራፉም ተነሥቷል። ከዚያ በኋላ «የት ነው ያለው? ለማን ነው ያለው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነገረኛ ይባላል። ነገረኛ መባሉን ፈቅጄ ዛሬ አንድ «አለ» የተባለ ነገር ልመረምር ተነሥቻለሁ። እርሱም በአፍላ ዕድሜ የሚገኙ ልጆቻችን በተቸገሩ ጊዜ የሚጠጉበት፣ በአካባቢያቸው የሚገኝ፣ ፊት የማይነሣቸው የእርዳታ በር ነው።

የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። አገልግሎት አለ የሚባለው ክፍሉ በተሠራ ጊዜ አይደለም። አንዲት የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ መኖሩን ስታውቅ፣ በሩን ደፍራ ስትገባ፣ ከወጣች በኋላም ተመልሳ ለመምጣት ስትፈቅድ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አገልግሎቱ የለም። በሩን ፈልጎ የማግኘት ግዴታም የልጅቱ አይደለም፤ የአዋቂዎቹ፣ ማለትም የእኛ ነው።

ይህንን ከአዲስ አበባ ቢሮዎች ሆኖ መመርመር አይቻልም። ስለዚህ አንባቢዬን ከ660 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አሶሳ፣ ከአሶሳም ወደ ሆሞሻ ወረዳ፣ ወደ ጾሬ እንዲከተለኝ እጠይቃለሁ።

ጾሬ የት ነው ለሚል አንባቢ ጥቂት ልበል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ ዞን የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። ከእርሱ በፊት ሸርቆሌ እ.ኤ.አ. በ1997 ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲያገረሽ ቶንጎና ባምባሲ ተከተሉ፤ ጾሬ ደግሞ በ2015 ተከፈተ። በጥር ወር 2014 ዓ.ም. በክልሉ በተነሣው ግጭት የቶንጎ መጠለያ ተዘርፎና ተቃጥሎ ከ20,000 በላይ ስደተኞች ሲበተኑ፣ አብዛኞቹ በእግራቸው ተጉዘው ጥግ የፈለጉት በጾሬ አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የኩርሙክ በር እንደገና በሰው ተጥለቀለቀ፤ በ2024ም ኡራ የሚባል ሌላ ሠፈር ተከፈተ። በሌላ አነጋገር በዚያ ምድር ላይ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ መሆን ማለት፣ ብዙ ጊዜ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ቤት ማጣት ማለት ነው።

«ታዲያ እነዚህ የሱዳን ልጆች ናቸው፤ ምን አገባን?» የሚል ሰው ቢኖር፣ ድንበሩ በ1902 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት ውል የተሰመረ መስመር መሆኑን ላስታውሰው። መስመሩ በርታን ለሁለት ከፍሎ አልፏል። በዚህም በዚያም ሩጣንኛ ይነገራል፤ በዚህም በዚያም ዐረብኛው ገበያውን ይዞታል። የሆሞሻዋ የበርታ ልጅና የጾሬዋ ስደተኛ ልጅ በመዝገብ ይለያዩ እንጂ ችግራቸው አንድ ነው፤ የሚያጡትም በር አንድ ነው።

እስቲ መጀመሪያ በወረቀት ያለንን እንቁጠር፤ በወረቀት ድኆች አይደለንምና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት ሕፃናትን የሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃናቱ ጥቅምና ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ አለን። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻንም የሴት ልጅ ግርዛትንም ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ጤና ጥበቃ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 24 ለሆኑት የተለየ ስትራቴጂ አውጥቷል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ስደተኛ ልጅ እንዲማርና እንዲታከም መብት ሰጥቷል። ይህንን ሁሉ አዋጅ ደርድሮ የተመለከተ የውጭ ሰው በዚህ አገር ውስጥ የተቸገረ ጎረምሳ ወይም ልጃገረድ አይገኝም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

አሁን ከወረቀቱ ወደ ልጅቱ እንውረድ። በወጣቶች ፖሊሲው መሠረት ወጣት የሚባለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለው ሰው ነው። እንግዲህ የዐሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ወጣት አይደለችም። በጤና ጣቢያው ደግሞ «ሕፃን» ሲባል በተግባር የሚታሰበው ከአምስት ዓመት በታች ያለው ነው። እንግዲህ ሕፃንም አይደለችም። ያለ ርኅራኄ ልናገረው፦ የጤና ሥርዓታችን አንዲትን ሴት ልጅ ክትባቷን ጨርሳ አምስት ዓመት ሲሞላት ይሰናበታታል፤ ዳግም በቁም ነገር የሚያገኛት ደግሞ ስታረግዝ ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን፣ ሰውነቷ የሚለወጥበት፣ የወር አበባዋ የሚጀምርበት፣ ሽማግሌ ወደ ቤት የሚላክበት፣ ትምህርት የምታቋርጥበት ዘመን፣ ባለቤት የሌለው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶቻችን 13 በመቶው ወልደው ወይም አርግዘው እንደተገኙ መዝግቧል። እነዚህ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ የጤና ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት የተቀመጡት መቼ ይመስላችኋል?

«መንግሥት እነዚህን ልጆች ሊያገኛቸው አልቻለም» የሚል መከራከሪያ እንዳይነሣ፣ ሲፈልግ እንደሚያገኛቸው ማስረጃ ላቅርብ። በ2011 ዓ.ም. የማሕፀን ጫፍ ካንሰር መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀመር፣ ልጃገረዶቹ ጤና ጣቢያ ፈልገው ይምጡ አልተባለም። ባለሙያዎቹ የበረዶ ሣጥናቸውን አንግበው ትምህርት ቤት ገቡ። ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉትንም በየቀበሌው ለመፈለግ ሞከሩ። ይህ ማለት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የት እንዳለች፣ ስንት እንደሆኑ፣ በማን በኩል እንደሚደረስ መንግሥታችን ያውቃል ማለት ነው። መርፌ ይዞ የሄደበትን መንገድ፣ ምክርና ከለላ ይዞ ለመሄድ ምን ከለከለው? ከለከለው የምለው መንገድ ወይም ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩ በቁጥር ያልተጠየቀ መሆኑ ነው። ክትባቱ «ስንት ልጅ ተከተበች?» ተብሎ ይጠየቃል። ምክሩ ግን «ስንት ክፍል ተከፈተ?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው።

የክፍሉን ነገር ካነሣን የወጣት ማዕከላትን ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻልም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየከተማውና በየወረዳው ማዕከል ተሠራ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ቤተ መጻሕፍት፣ የምክር አገልግሎት፣ የስፖርት ሜዳ ይኖራቸዋል ተባለ። አንባቢዬ በአካባቢው ወዳለው ማዕከል ቢሄድ ምን እንደሚያገኝ እርሱ ይመስክር። እኔ ባየኋቸው ውስጥ የማይጠፋው የፑል ጠረጴዛውና የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚታይበት አዳራሽ ነው። ይህ ነቀፋ የእኔ ብቻ አይደለም። በ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የወጣት ፕሮግራሞችን ማን እንደሚጠቀምባቸው ያጠኑ ተመራማሪዎች ያገኙት ይህንኑ ነው። ደጁን የሚሞሉት ከፍ ያሉት፣ ወንዶቹ፣ በትምህርት ላይ ያሉት፣ ከቤተሰባቸው ጋር የሚኖሩት ናቸው። ታናናሾቹ ሴቶች፣ የቤት ሠራተኞቹ፣ ያገቡት፣ ትምህርት ያቋረጡት የሉም። ማለትም አገልግሎቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ይበልጥ ርቆ ይገኛል። ለሁሉም ክፍት የሆነ በር ለጉልበተኛው ነው የሚከፈተው።

ደግሞም ቢገቡስ? «ፊት የማይነሣ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስሙን በማልጠራው በአንድ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ በካርድ ክፍሉ መስኮት አጠገብ ተራዬን ስጠብቅ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ቀርባ በሹክሹክታ አንድ ነገር ተናገረች። መዝጋቢዋ «ጮክ በይ፤ ምንሽን ነው ያመመሽ? ከማን ጋር ነው የመጣሽው?» አለቻት። አግዳሚው ላይ ከተቀመጥነው ሰዎች መካከል አንገቱን ያላዞረ አልነበረም። ልጅቱ «እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። እመለሳለሁ ያለች ልጅ እንደማትመለስ ሁላችንም አወቅን። በዚያ ግቢ ውስጥ «ለወጣቶች ምቹ የሆነ አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ በቀለም ተጽፎ ተሰቅሏል። ሰሌዳው እውነቱን ነው፤ ክፍሉ ነበረ። ከካርድ ክፍሉ መስኮት እስከ ክፍሉ ያለው ሃያ እርምጃ ግን ለዚያች ልጅ ከአሶሳ አዲስ አበባ ይርቃል።

ይህ በአንድ ቋንቋ በሚግባቡ ሰዎች መካከል የሆነ ነው። አሁን ይህችኑ ልጅ በጾሬ አድርጉና አስቧት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የእርሷ አፍ የተፈታው በሩጣንኛ ወይም በሌላ የብሉ ናይል ቋንቋ፣ ቢበዛ በዐረብኛ ነው። የደረሰባትን ነገር የምትናገረው በአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው ከዚያው ሠፈር የመጣ ሰው ከሆነ፣ ምስጢሯ ለጎረቤቷ ተነገረ ማለት ነው። የደረሰባት ጥቃት ከሆነና ጥቃቱን ያደረሰውም ከዚያው ሠፈር ከሆነ ደግሞ፣ ዝም ማለቷ ድንቁርና አይደለም፤ ብልኅነት ነው። ከዚያ በኋላ እኛ በስብሰባችን ላይ «ማኅበረሰቡ አገልግሎቱን የመጠቀም ግንዛቤው ዝቅተኛ ነው» ብለን እንጽፋለን። የግንዛቤ ዝቅተኝነቱ የማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ከዚሁ ከአሶሳ ምድር ልንማርበት የሚገባ አንድ ሥራ አለ። በ2015 እና 2016 እ.ኤ.አ. ኢንተርናሽናል ሬስኪው ኮሚቴ የተባለው የእርዳታ ድርጅት ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በሸርቆሌ፣ በባምባሲና በቶንጎ መጠለያዎች ኮምፓስ የሚባል ፕሮግራም አካሄደ። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 19 የሆኑ 919 ልጃገረዶች በጥናቱ ተካተቱ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ልጃገረዶቹ በቡድን ሆነው ደኅንነቱ በተጠበቀ ስፍራ ይሰበሰባሉ፤ ከማኅበረሰቡ የተመረጠች ወጣት ሴት ታላቅ እህታቸው ሆና ትመራቸዋለች፤ ወላጆችና አሳዳጊዎችም ለብቻቸው ውይይት ይደረግላቸዋል።

ውጤቱ በ2018 ሲታተም ሁለት ነገር ተናገረ፤ ሁለቱንም መስማት ይገባናል። የመጀመሪያው መራራ ነው። በልጃገረዶቹ ላይ የሚደርሰው ወሲባዊ ጥቃት በፕሮግራሙ ምክንያት አልቀነሰም። ሁለተኛው ግን ተስፋ አለው። በፕሮግራሙ የታቀፉት ከሌሎቹ ይልቅ የዕድሜ እኩያ ጓደኛና ከቤተሰብ ውጭ የሚያምኗት አዋቂ ሴት አገኙ፤ ሴት ልጅ መማር እንዳለባት፣ ያለ ዕድሜዋም ማግባት እንደሌለባት ያላቸው እምነት ጠነከረ።

ከዚህ የምረዳው ምንድን ነው? አንድ ክፍልና አንዲት ደግ ሴት ልጅቱ ብቻዋን እንዳትሆን ያደርጓታል፤ ጥቃት አድራሹን ግን አያስቆሙትም። ጥቃት አድራሹ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ በእንጨት ለቀማው መንገድ ላይ፣ በውኃ መቅጃው፣ አንዳንዴም በገዛ ቤቷ ውስጥ ነው ያለው። እርሱን የሚመለከተው ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የሠፈር ሽማግሌና ወላጅ ነው። ስለዚህ የእርዳታ በር ሲባል ከበሩ በስተጀርባ ሌሎች በሮች መከፈት አለባቸው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ምክሩን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ጣሪያ ሥር የሰበሰበው ማዕከል የተቋቋመው ይህ ስለታወቀ ነው፤ ተጎጂዋ ታሪኳን በአራት ቢሮ አራት ጊዜ እየደገመች ቁስሏን እንዳትነካካ።

አሁን ደግሞ ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልመለስ። ከሦስቱ መጠለያዎች አንዱ የሆነው ቶንጎ ዛሬ የለም። በ2014 ዓ.ም. የጸጥታው ችግር ስደተኞቹን አስለቅቆታል። ልጃገረዶቹ የተሰበሰቡበት ስፍራ፣ ታላቅ እህት ሆና የምትመራቸው ሴት፣ የተገኘው ልምድ የት ደረሰ? ቤት ሲቃጠል ቤቱ ይቃጠላል፤ ዕውቀቱ ግን በአገር ሰዎችና በአገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥር ሰዶ ቢሆን ኖሮ ከተፈናቃዮቹ ጋር ወደ ጾሬ በተጓዘ ነበር። ከልጃገረድ ጋር የመነጋገር ሥራ የፕሮጀክት ሥራ ሆኖ ቀረና ፕሮጀክቱ ሲያበቃ አበቃ።

የፕሮጀክት ዕድሜ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ደግሞ 2025 እ.ኤ.አ. በግልጽ አሳየን። በጥር ወር ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ ወረቀት የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ቆመ። በአገራችን በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለ780,000 ስደተኞች የሚሰጠውን ራሽን ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ ዝቅ አደረገ። ራሽን ሲቀነስ በአንድ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚሆነውን ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። ወንዱ ልጅ ትምህርቱን ትቶ የቀን ሥራ ወይም የወርቅ ጉድጓድ ፍለጋ ይሄዳል፤ ሴቷ ልጅ ደግሞ ለቤተሰቡ አንድ አፍ እንድትቀንስ ትዳራለች። የእርዳታው በር ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቀን በሩ ይዘጋል። የልጆቻችንን መጠጊያ በሌላ አገር ምክር ቤት በጀት ላይ የገነባነው እኛ ነን። ያፈረሱትን ከመውቀሳችን በፊት መሠረቱን በሰው መሬት ላይ የጣልነውን ራሳችንን እንጠይቅ።

«ገንዘብ የለንም» ይባል ይሆናል። ለዚህም መልስ አለኝ፤ መልሱም ከገዛ ቤታችን ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በአማራ ክልል በሞሰቦ ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። የአገራችን መሥሪያ ቤቶች ከፖፑሌሽን ካውንስልና ከተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ጋር የሠሩት ነው። ልጃገረዶች በቡድን እየተሰበሰቡ በታላቅ እህት ይመራሉ፤ ይማራሉ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ በፕሮግራሙ ላቆዩ ቤተሰቦች በመጨረሻ አንዲት ፍየል ትሰጣለች። ሁለት ዓመት ሲሞላው ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት መካከል የተዳሩት ፕሮግራሙ ካልነበረበት ቀበሌ ጋር ሲነጻጸሩ አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ፍየል እንጂ ፎቅ አላስፈለገም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በአዲስ አበባ በመርካቶ አካባቢ ብሩህ ተስፋ ተጀመረ። ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የሚያገለግሉ፣ ትምህርት ቤት የማያውቁ ልጃገረዶችን የሚመለከት ነበር። እነዚህ ልጆች በማስታወቂያ አይገኙም፤ ማስታወቂያውን አያነቡትምና። በስብሰባም አይገኙም፤ ከቤት አይወጡምና። ስለዚህ የፕሮግራሙ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ አንኳኩ። ከአሠሪዎቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ተነጋገሩ፤ ልጅቱ በሳምንት ለጥቂት ሰዓት እንድትወጣ አስፈቀዱ። የሚሰበሰቡበትን ክፍል ቀበሌው ሰጠ። ልጅቱ ስትታመም የምታሳየው፣ በጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ የሚያሳክማት ወረቀት ተሰጣት። ልብ በሉ፤ አገልግሎቱ ልጅቱን ፈልጎ ሄደ እንጂ ልጅቱ አገልግሎቱን ፈልጋ አልመጣችም። የጽሑፌ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የማናውቀውን ጥበብ ከውጭ ለምነን የምናመጣ አይደለንም፤ የሠራነውንና የሚሠራ መሆኑን ያረጋገጥነውን ትተን ሌላ ሰሌዳ የምንሰቅል ሕዝቦች ነን።

ሌላው መከራከሪያ «ባህላችን» የሚለው ነው። ልጆች ችግራቸውን ከወላጅ ውጭ ላለ ሰው እንዲያወሩ ማድረግ የፈረንጅ ልማድ ነው ይባላል። ይህንን የሚሉ ሰዎች ባህሉን የሚያውቁት አልመሰለኝም። በዚህ አገር አንዲት ልጅ ለእናቷ ያልተናገረችውን ለአክስቷ ትናገር ነበር። ጎረምሳው ለአባቱ የማይደፍረውን ለአጎቱ፣ ለክርስትና አባቱ፣ ለንስሐ አባቱ ወይም ለሸኹ ያወራ ነበር። ከወላጅ ቀጥሎ የሚታመን አዋቂ ማስቀመጥ የአባቶቻችን ብልኅነት ነው። ጦርነትና ስደት አክስቷን ካጎቷ፣ ሠፈሩን ከሠፈር ሲበታትን ያንን የመጠጊያ መረብ ይበጣጥሰዋል። በጾሬ የምትገኝ ልጅ አክስቷ በካርቱም ቀርታ፣ አያቷ በኩርሙክ መንገድ ላይ አርፋ ሊሆን ይችላል። መንግሥትና ማኅበረሰብ «አክስት» እንዲያቆሙላት መጠየቅ ባህልን ማፍረስ ሳይሆን የፈረሰውን መጠገን ነው።

እንግዲህ ነቅፎ መሄድ የቀላል ሰው ሥራ ነውና፣ ለክልሉ የጤና እንዲሁም የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች፣ ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት፣ ለእርዳታ ድርጅቶችም የምለውን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ሰሌዳ ሳይሆን ሰው ይሰየም። በየትምህርት ቤቱ፣ በየጤና ኬላው፣ በየመጠለያው ዞን ልጆች በስሟ የሚያውቋት አንዲት ሴት፣ በስሙ የሚያውቁት አንድ ወንድ ይኑር። ሥራውም በደመወዝ እንጂ በአበል አይሁን።

ሁለተኛ፣ ያቺ ሴት ልጅቱን «እዚያ ሂጂ» ብላ አታሰናብት፤ እስከ በሩ ይዛት ትሂድ። ወረቀት የያዘች ልጅ ከመንገድ ትመለሳለች፤ እጇን የተያዘች ልጅ ግን ትደርሳለች።

ሦስተኛ፣ ቋንቋው የልጁ ቋንቋ ይሁን። በዐረብኛና በሩጣንኛ የሚያናግሩ፣ ምስጢር መጠበቅን የሠለጠኑና ለምስጢሩም በሕግ የሚጠየቁ ባለሙያዎች ይቀጠሩ። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው አለ፤ ከአካባቢው ልጆች ይህንን ሙያ የሚያስተምር ከሆነ ማን ይቀድመዋል?

አራተኛ፣ የካርድ ክፍሉ መስኮት ይታሰብበት። ልጅ ሳይጮኽ የሚመዘገብበት፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚከፈት፣ መታወቂያ የማይጠይቅ መግቢያ ይኑር። ዐሥራ ስምንት ዓመት ላልሞላው ልጅ የቀበሌ መታወቂያ አንሰጥም፤ ያልሰጠነውን መልሰን መጠየቅ ግፍ ነው።

አምስተኛ፣ ወረዳው ዕውነተኛ ዝርዝር ይያዝ። የትኛው በር በየትኛው ቀን እንደሚከፈት፣ ማን እንዳለበት፣ ምን እንደሚሰጥ በየሦስት ወሩ እየተጣራ በየትምህርት ቤቱ፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ይነገር። የተዘጋን በር «ክፍት ነው» ብሎ ልጅን ከመላክ የበለጠ እምነት የሚሰብር ነገር የለም።

ስድስተኛ፣ ሪፖርቱ ይለወጥ። ስንት ክፍል ተሠራ፣ ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ይቅርና፣ ዕድሜያቸው ከዐሥራ አምስት በታች የሆኑ ስንት ሴቶች ገቡ? ካገቡትስ፣ ትምህርት ካቋረጡትስ? ስንቶቹ ሁለተኛ ጊዜ ተመለሱ? ይህ ይጠየቅ። የማይጠየቅ ነገር አይሠራም።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ማንኛውም የውጭ ፕሮጀክት ሲገባ መውጫው አብሮ ይፈረም። ሲያበቃ ሥራውን፣ ሠራተኛዋንና ስፍራውን የሚረከበው መሥሪያ ቤት፣ በጀቱንም ጭምር ከመጀመሪያው ቀን ይወቅ። የሆሞሻና የጾሬ ልጆችም በአንድ በር ይግቡ፤ ለስደተኛው አንድ ክፍል፣ ለአገሬው ሌላ ክፍል እየሠራን ሁለት ድህነት አናቋቁም።

ይህ ጽሑፍ ለሚኒስትሮች ብቻ የተጻፈ እንዳይመስልብኝ ወደ እኛ ወደ ከተሜዎቹ ልዙር። እኛ ልጃችን ዝም ሲልብን በስልክ የምንጠይቀው ሐኪም ወዳጅ አለን፤ ገንዘብ ከፍለን የምናማክረው ባለሙያ አለን፤ ቢያንስ የሚጠጉት አክስት አላቸው። ከዚያ ምቾት ላይ ተቀምጠን «ወጣቱ የነገ አገር ተረካቢ ነው» የሚለውን መፈክር እናጨበጭባለን። የምታስረክቡትን አገር ማየት ከፈለጋችሁ ጾሬን ተመልከቱ። በዚያ ያለችው ልጅ ነገን አትጠይቀንም። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታወራው አንድ ሰው፣ የምትገባበት አንድ በር ነው የምትጠይቀው። በዚያው ክልል፣ በጉባ፣ ዓለምን ያስደነቀ ግድብ ገንብተን በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. አስመርቀናል። ዐባይን የገታ ሕዝብ ሃያ እርምጃ ልጅን አጅቦ መሄድ አቃተው ቢባል ማን ያምናል?

ከእንግዲህ ወዲህ «አገልግሎቱማ አለ» የሚል ባለሥልጣን በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቀው፤ «ትናንት ማን ገባ?»

ልቡና ይስጠን።